በላይ፦ አንድም ስም፣ አንድም አቅጣጫ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ፣ «ስንዱ፣ እስቲ አሁን እንኳ ንገሪኝ፤ ያን ያህል ዘመን ኮምፒውተር ፊት ተጎልተሽ የምትሠሪው ምን ነበር?» አለችኝ።

«ብልት አወጣ ነበር» አልኳት።

«የምን? የዶሮ?»

«የዐረፍተ ነገር።»

እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ጡረታው ከጭንቅላቴ እንደ ጀመረ ሳትጠረጥር አልቀረችም። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ዶሮ ሠርታ የምታውቅ ሴት መጋጠሚያው የት እንደሆነ ጣቷ ያውቀዋል፤ ቢላዋው እዚያ ሲያርፍ አጥንት ሳይሰበር ብልቱ ይለያል። የእኛም ሥራ ይኸው ነበር። ሰው ለሰው ብሎ የጻፈውን ዐረፍተ ነገር መጋጠሚያው ላይ እየለያየን፣ ይህ ስም ነው፣ ይህ አቅጣጫ ነው፣ ይህ ወንዝ ነው እያልን ለማሽን ማስረዳት። የሙያው ሰዎች ፓርሲንግ ይሉታል። እኛ ቆሰበር ቢሮ ውስጥ ብልት ማውጣት አልነው፤ የቢሮው ወንዶች መጀመሪያ በቃሉ እየተጠቃቀሱ ይስቁ ነበር፣ በኋላ ለመዱት።

እዚህ የምጽፈው ስለ ቢላዋ አመራረጥ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። የመረጥነው ቢላዋ አንድ በሕይወት ያለ ገበሬ ቆርጦ ጥሎብን፣ ሰውዬው መሬቱንም ወዳጆቹንም ሊያጣ እስኪደርስ ድረስ ለእኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ፣ በሒሳብ መምህርነት ነው። የጠመኔው ብናኝ ጉሮሮዬን ሲያስቸግረኝ ጥሊሊ ተዛውሬ የተማሪዎችን ውጤት ኮምፒውተር ላይ እጽፍ ጀመር። የዝውውሩ ወረቀት ከእኔ የበለጠ አገር ዞረ፤ የደሞዙን ነገር ደግሞ ባላነሣው ይሻላል። ጥሊሊ ላይ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ብቸኝነትና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ወይ ካርታ ይጫወታል፣ ወይ ፕሮግራም መጻፍ ይማራል። እኔ ካርታ አልወድም።

ሚሌኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆሰበር ላይ አንድ ፕሮጀክት ተከፈተ። ከተማዋ በወረቀት እንጅባራ ናት፤ ከሚኒባስ የሚወርደው ሰው አፍ ላይ ግን አሁንም ቆሰበር ነች። ፕሮጀክቱ ዛሬ የለም፣ ስሙም ይቅር። ሥራው የገበሬዎችን የመሬት አዋሳኝ ማመሳከር ነበር። በእያንዳንዱ ማሳ ጽሑፍ ላይ ማሳው በየትኛው በኩል ከማን ጋር እንደሚዋሰን ሰፍሯል። የእኔ ማሳ በምሥራቅ ካንተ ጋር ይዋሰናል ካልኩ፣ ያንተ ጽሑፍ ደግሞ በምዕራብ እኔን መጥራት አለበት። ጎረቤታሞች ከተጠራሩ ማሳው ተረጋገጠ ይባላል። አንድም ጎረቤት የማይጠራው ማሳ ከተገኘ ግን «አዋሳኝ ያልመሰከረለት» ተብሎ ለቀበሌው ይላካል፣ ቀበሌውም ጉባኤ ጠርቶ ይወያይበታል። ጽሑፎቹን በየቀበሌው የተለያየ ሰው እንዳመቸው ነው የጻፋቸው። እነሱን አንብቦ የሚለያይ ፕሮግራም መሥራት የእኔና የየኔታ ይበልጣል ድርሻ ሆነ።

የኔታ የምንላቸው ለቀልድም ለአክብሮትም ነው። ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ትርጓሜ ቤት ጀምረው፣ አቋርጠው አስኳላ የገቡ፣ በኋላም አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ፕሮግራም ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮት ኪሳቸው የገብስ ቆሎ አጥቶ አያውቅም። ፕሮግራም ከመጻፋቸው በፊት ጽሑፉን ድምፅ አውጥተው ያነባሉ፣ ያውም ከነስሕተቱ። ጸሐፊው «ምሥራቅ» ለማለት «ምርሣቅ» ብሎ ከሆነ «ምርሣቅ» ብለው ነው የሚያነቡት። እኔ አርሜ ሳነብላቸው ይቆጡኛል።

«ያረምሽውን አታዪውም» ይሉኛል። «መጀመሪያ የጻፈውን ስሚው፤ ከዚያ ምን ለማለት እንደፈለገ ትጠይቂያለሽ።»

እጃቸውን ቁልፎቹ ላይ የሚያሳርፉት የጽሑፉ ሰዋስው ከአፋቸው እንደ ዳዊት ያለ ድንቅፍ መውጣት ሲጀምር ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በረንዳው ላይ ከጉሙ ጋር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። መጀመሪያ ሥራ የማይሠሩ መስሎኝ አምቻቸዋለሁ፤ ቆይቼ ግን እኔ ሦስት ጊዜ ጽፌ የማፈርሰውን እሳቸው አንዴ እንደሚጽፉት አየሁና አፌን ዘጋሁ።

ኃላፊያችን አቶ ምንይችል ደግሞ ሌላ ናቸው። ሰላምታቸው «አለቀ?» ነው። ስንገባ «አለቀ?»፣ ስንወጣ «አለቀ?»። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከእሳቸው በላይ ያሉትም እሳቸውን የሚጠይቁት ያንኑ ነበር።

የምንጽፍበትን ቋንቋ የመረጡት የኔታ ናቸው። ሃስኬል ይባላል። በዚህ ቋንቋ ሁሉም ነገር ፈንክሽን ነው፤ ይህን ስትሰጪው ያንን ይመልሳል፣ ዛሬም ነገም መልሱ ያው ነው፣ ከጀርባሽ የሚለዋውጠው ነገር የለም። ለሒሳብ መምህር ይህ እንደ ናፈቁት ዘመድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ሠራኝ። ገጹን ስከፍት በየመስመሩ «::» አየሁ። የአማርኛ አንባቢ ዓይን ነውና አራት ነጥብ መሰለኝ። ዐረፍተ ነገሩ እዚያ ያልቃል ብዬ ቀጥሎ ያለውን እየዘለልኩ አነበብኩ፤ እስከ ምሳ ምንም አልገባኝም። ለየኔታ ስነግራቸው ቆሎው ትን አላቸው። ለካ ምልክቱ «ዓይነቱ እንዲህ ነው» ማለት ኖሯል፤ ቁም ነገሩ ያለው እኔ ስዘለው በዋልኩት በኩል ነው።

ሌላው የገረመኝ «ምናልባት» የሚባል ዓይነት መኖሩ ነው። ፈንክሽኑ መልስ ካገኘ ይሰጥሻል፣ ካላገኘ የለም ይልሻል፤ የመልሱ ዓይነት ግን ከመነሻው «ምናልባት» ተብሎ ተጽፏል። ማሽን ምናልባት ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበርና ቋንቋውን ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

ቢላዋ መምረጥ ጀመርን። የመጀመሪያው እኛ ወንፊት ያልነው ነው፤ በፊደል አምሳያ እየፈለገ ነቅሶ የሚያወጣ። ጥሩ ወንፊት ነበር፣ ግን ስም ላይ ያለችውንም «በ» መስተዋድድ ናት እያለ ገነጠላት። በቀለ «ቀለ» ሆነ፣ በለጠ «ለጠ» ሆነ፣ በሪሁን የሚባሉ አንድ የዳንግላ ገበሬ «ሪሁን» ሆነው ወጡ። የኔታ ውጤቱን እንደ ልማዳቸው ሳያርሙ ጮክ ብለው ሲያነቡት ቢሮው በሳቅ ተናጋ፣ ወንፊቱም ያን ዕለት ተጣለ።

ሁለተኛው አመንጪው ነው። ሰዋስውን በሌላ ፋይል ለብቻው ትጽፊለታለሽ፣ እሱ የሚያነበውን ፕሮግራም ራሱ ያመነጭልሻል። ፈጣን ነው። ጠባዩ ግን ነዝናዛ! ሰዋስው ባቀረብንለት ቁጥር «እዚህ ቦታ ሁለት መንገድ ታየኝ፤ አንዱን ይዤ ሄጃለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ በማይገባ ቁጥር አጅቦ ይደረድራል። ሥራውን ይሠራል፤ ሲሠራ ግን ያጉረመርማል።

ሦስተኛው አጣማሪው ነው። ትንንሽ ፈንክሽኖች አሉ። አንዱ አቅጣጫ ያነባል፣ አንዱ ስም፣ አንዱ ወንዝና መንገድ። እነሱን እያጣመርሽ ትልቁን ትሠሪያለሽ። «አቅጣጫ፣ ከዚያም ስም ወይም ባዶ» ብዬ ስጽፍ ያው እንደ አማርኛ ይነበባል። ባዶ ያልኩት አንዳንዱ ጸሐፊ አቅጣጫውን ጠርቶ ጎረቤት ሳይጽፍ ስለሚያልፍ ነው። ነፍሴ ወደደችው። ሌላ ፋይል የለ፣ ጉርምርምታ የለ።

የኔታ የአጣማሪውን አሠራር ያስተማሩኝ በቆሎ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፍሬዎቹን በመስመር ደረደሩ።

«ይህ ቢላዋ ፊደል የሚበላ ነው» አሉኝ። አንዷን ፍሬ አነሡ። «አቅጣጫ ናት?» ብለው ወደ አፋቸው ላኳት። «አሁን በላኋት። 'ለካስ ስም ነበረች' ብል ከሆዴ አላወጣትም። እዚህ መዳፌ ላይ ይዤ ካየኋት ግን እመልሳታለሁ። ሙያው መቼ እንደምትበዪና መቼ መዳፍሽ ላይ እንደምታቆዪ ማወቅ ነው።»

ያም ሆኖ እሳቸው ልባቸው ወደ አመንጪው ያዘነብል ነበር። «ነዝናዛ ሰው ቤት ያቃናል» ይሉ ነበር። እኔ አጣማሪውን አልኩ። ክርክሩ ሲረዝም አቶ ምንይችል በራፉ ላይ ቆመው፣ «ዝም የሚለው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አጣማሪው።»

«እንግዲያ እሱ ይሁን።»

የኔታም ትከሻቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። እውነቱን ለመናገር ጸጥታውን ሁላችንም ወደድነው።

ከዳንግላ ወገን የመጡት ጽሑፎች በምሥራቅ፣ በምዕራብ ይላሉ። ከቆሰበር ዙሪያ ካለው ዳገታማ አገር የመጡት ግን በላይ፣ በታች የሚሉ ናቸው። ገበሬው በአዊኛ የነገረውን ጸሐፊው ወደ አማርኛ ሲመልስ እንደ አባባሉ ጽፎታል፤ ተዳፋት የሚያርስ ሰው ማሳውን የሚያውቀው በፀሐይ መውጫ ሳይሆን በዳገቱና በቁልቁለቱ ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱ አጠራር ተደባልቆ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ይህ ገና ቢላዋ ስንመርጥ ገብቶኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ «በላይ»ንና «በታች»ን ያኔውኑ ከሰዋስዋችን የአቅጣጫ ዝርዝር ጨምሬያቸዋለሁ። ፕሮግራሙ ሁሉንም ጽሑፍ ያለ አንድ ስሕተት አንብቦ ጨረሰ። አቶ ምንይችል ለመጀመሪያ ጊዜ «አለቀ» የምትለዋን ቃል ያለ ጥያቄ ምልክት ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ የገበያ ቀን፣ ጎማ ጫማቸው ጭቃ የጠገበ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆሙ።

«እንደምን ዋላችሁ። ጠፋህ የሚሉ ሰዎች እዚህ ናቸው?»

«ማን ጠፋ፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«እኔ። በላይ ጥሩነህ እባላለሁ። ቀበሌው 'ማሽን ፈልጎ አጣህ' አለኝ። እኔሳ ይኸው አለሁ።»

ሣቅኩ። እሳቸው አልሣቁም። አስቀመጥኳቸውና ነገሩን አወጡልኝ። ማሳቸው በጥርባ በኩል ነው፤ አባታቸው ያረሱት፣ እሳቸው ድንችና ገብስ የሚያወጡበት፣ ዳሩን ቀርከሃ የከበበው። እኛ የላክነው ዝርዝር ላይ «አዋሳኝ ያልመሰከረለት» ተብሎ ወጥቷል። ሥራ ያጡ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ደግሞ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሊተክልበት አመልክቷል። ጉባኤው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«መሬቱስ መሬት ነው» አሉ አቶ በላይ ጃንጥላቸውን እያዩ። «የከፋኝ ሌላ ነው። ጎረቤቶቼ የክርስትና አበልጆቼ ናቸው እኮ፣ እታለም። ልጆቻቸውን ያነሣሁ እኔ፣ ልጆቼን ያነሡ እነሱ። ሁሉም ሲጠየቁ ስሜን አልጠሩም አለኝ ቀበሌው። ተዝካር ቢጠሩኝ ቀረሁ። ሰላም ቢሉኝ ዝም አልኩ። አበልጅ አበልጁን ይክዳል?»

ያን ጊዜ ሣቄ አሳፈረኝ። አቶ ምንይችል መጥተው፣ «ማሽኑ ስሕተት የለም ብሏል» ሲሉኝ ደግሞ ተናደድኩ። ከንዴቱ የባሰብኝ ግን የማወቅ ጉጉቱ ነበር። ይህ ሰው ፊቴ ተቀምጧል፤ ጎረቤቶቹም አሉ፤ ጽሑፉም አለ። ታዲያ የት ገባ?

«በላይ ጥሩነህ» ብዬ ከፕሮግራሙ ውጤት ፈለግሁ። የለም። «ጥሩነህ» ብቻ ብዬ ፈለግሁ። ተደርድሮ ወጣ! በጎረቤቶቻቸው ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ አለ። አቅጣጫ፣ በላይ፤ ጎረቤት፣ ጥሩነህ ይላል።

«ጥሩነህ ማን ናቸው?» አልኳቸው።

«አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከሞተ ቆየ።»

የኔታ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጡና ማንበብ ጀመሩ። «በደቡብ በላይ ጥሩነህ በሰሜን ወንዝ።» ደገሙት። ሦስተኛ ሲያነቡት «በደቡብ» ብለው አረፉ፣ ከዚያ «በላይ ጥሩነህ» አሉ። ሲያላምጡት የነበረውን ቆሎ አቆሙ።

«ስንዱ፣ በላይን በላነው» አሉኝ።

ወዲያው ታየኝ። ፕሮግራማችን «በደቡብ»ን አነበበ። ቀጥሎ ስም ወይም ባዶ ይጠብቃል። «በላይ» መጣ። ይቺ ቃል አቅጣጫ ናትና፣ ጸሐፊው ደቡብን ባዶ ትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተሻገረ ብሎ አሰበ። በደቡብ ባዶ፣ በላይ ጥሩነህ። ፊደል አልተረፈ፣ ፊደል አልጎደለ፣ ስሕተትም የለ። በላይ ከሰውነት ወጥቶ ዳገት ሆነ።

ቸኩዬ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፤ መጀመሪያ ስም ሞክር፣ ካልሆነ አቅጣጫ አልኩት። አቶ በላይ ተገኙ። ደስታዬ ግን የኔታ ውጤቱን ማንበብ እስኪጀምሩ ነበር። ከአንድ ሌላ ቀበሌ «በላይ ወንዝ በታች መንገድ» የሚል ነበረ፤ አሁን በላይ ወንዝ የሚባል ገበሬ ሆኖ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ በላይ ገደል የሚባል ሌላ ገበሬ ተከተለ።

«አቶ በላይ ገደል፣ እንኳን ደህና መጡ» አሉ የኔታ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚነሡ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። አቶ በላይም በመጨረሻ ፈገግ አሉ።

የተጣለው አመንጪ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አሮጌውን ሰዋስው መልሼ ሰጠሁት። ያንኑ ማስጠንቀቂያ ደረደረልኝ። በዚህ ጊዜ ቁጥሮቹን እየተከተልኩ እስከ ሥሩ ወረድኩ። «ከአቅጣጫ በኋላ 'በላይ' ሲመጣ ሁለት መንገድ ታየኝ» ነበር የሚለው። ያ ሁሉ ጉርምርምታ ስለ አቶ በላይ ነበር! እኛ ደግሞ ዝም የሚለውን መረጥን።

«እንግዲያ ወደ እሱ እንመለስ» አልኩ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱም እኮ ካጉረመረመ በኋላ አንዱን ነው የሚመርጠው። እኛ የምንፈልገው የማይመርጥ ነው።» ቆሎ ዘግነው በሁለት መዳፋቸው ከፈሉት። «ትርጓሜ ቤት አንዱ ንባብ ሁለት ምሥጢር ሲይዝ መምህራችን አንደኛውን ይተረጉሙና 'አንድም' ይላሉ፤ ሁለተኛውን ይጨምራሉ። ፊተኛውን አይጥሉትም፣ ኋለኛውን አይደብቁትም። ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። እስቲ ይህን 'አንድም' የሚል ቢላዋ እንሥራ።»

ሠራነው። ከባድ መስሎኝ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ ግን የሚገርም ነው። ፈንክሽኑ እስከዚያ «ምናልባት» ነበር የሚመልሰው፤ አንድ ንባብ ወይም ምንም። ያን «ምናልባት» አንሥተን «ዝርዝር» ተካንበት፤ የሚቻሉትን ንባቦች ሁሉ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ጽሑፉ አይነበብም። አንድ ብቻ ከያዘ ያለቀ ነው። ሁለት ከያዘ ሰው ይጠየቃል። ሌላው ፕሮግራም ያለ ብዙ ጣጣ እንዳለ ሠራ። የተለወጠችው ዋነኛ ቃል የነበረችው ከ«::» በኋላ ነው፤ እኔ እስከ ምሳ ስዘልል የዋልኩበት ቦታ። ፕሮግራሙ ዝግ አለ፣ ነገር ግን ስለ አቶ በላይ ጎረቤት ስንጠይቀው፣ በደቡብ በላይ ጥሩነህ፣ አንድም በደቡብ ባዶ፣ በላይ ጥሩነህ ብሎ መለሰ። እንባዬ መጣ ብል አትታዘቡኝ።

አቶ ምንይችል ግን ራሳቸውን ያዙ። «'አንድም' የሚለውን ሁሉ ማን ያጣራዋል?»

«ሰው» አሉ የኔታ።

«ማሽን ያመጣነው እኮ ሰው እንዳንጠይቅ ነው!»

«አዎ። እሱም ሳይጠይቅ ሰው ዋጠ።»

አቶ ምንይችል የጎረቤትየውን ጽሑፍ አንሥተው ራሳቸው አነበቡት። በመጨረሻ «ጉባኤው መቼ ነው?» አሉ። «ሂዱ። ስትመለሱ ደግሞ የሌሎቹን ቀበሌዎች ነገር እንነጋገራለን።» ከእሳቸው ይህ ብዙ ነበር።

ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ጉባኤው ቀበሌው ግቢ ነበር። አበልጆቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ አቶ በላይ በሌላ ወገን ብቻቸውን ጃንጥላቸውን ተደግፈው። የወጣቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጨዋ ሰው ነበር፤ የሚናገረውን ይመዝናል። ነገሩን አስረዳሁ። ጽሑፉ ሁለት ንባብ እንዳለው፣ ማሽኑ አንዱን ብቻ እንደወሰደ ተናገርኩ። እሱም ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው።

«ይቅርታ፣ እናቴ። እንዲህም እኮ ይነበባል። በደቡብ ማንም የለም። በላይ፣ ጥሩነህ። ሁለት ንባብ ካለው የእናንተ ለምን ይበልጣል? እኛም ወላጅ አለን፣ ሥራ የለንም።»

ልክ ነበር። የእኛ ቢላዋ እስከዚያ ድረስ ነው የሚቆርጠው። የኔታን አየኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ሰዎቹ እያዩ ነበር።

አቶ በላይ ተነሡ።

«ልጄ እውነቱን ነው ያነበበ» አሉ። «በላይ ጥሩነህ አለ። እዚያ ላይ፣ ደብሩ ቅጥር ውስጥ። አፈር ያለበስኩት እኔው ነኝ። አባቴ ከላይ ነው። ድንቹን የምኮተኩት ግን እኔ ነኝ።»

 ከአበልጆቹ መካከል አንዱ፣ ማሳቸው በደቡብ በኩል ከአቶ በላይ ማሳ ጋር የሚዋሰን ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ብድግ አሉ።

«ያስጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ! ጸሐፊው 'በደቡብስ ማን አለ?' ቢለኝ 'በላይ' አልኩት። ምን ሌላ በላይ አለኝ?» ወደ አቶ በላይ ዞሩ። «ለዚህ ነው ከደገስኩት ተዝካር የቀረህ? ለዚህ ነው ሰላምታ የነፈግኸኝ? ኧረ አንተ ሰው!»

አቶ በላይ ተሻግረው ሄደው ትከሻቸውን ሳሟቸው፤ የሁለቱም ጃንጥላ መሬት ወደቀ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና፣ ማኅበሩ ሌላ ቦታ እንዲፈለግለት ጠየቀ። ጉባኤውም የአቶ በላይን ማሳ መረጋገጥና የወጣቶቹን ጥያቄ አንድ ላይ መዘገበ።

ሌሎቹንም ቀበሌዎች በ«አንድም» አነበብናቸው። አድካሚ ነበር፣ ከቤት ወደ ቤት መሄድ ነበረበት። አቶ ምንይችል መጀመሪያ ተነጫነጩ፤ ኋላ ሰላምታቸውን ቀይረው «ዛሬስ አንድም አለ?» ይሉን ጀመር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እኔ አንድ ኮሌጅ ገባሁ፣ የኔታ ባሕር ዳር ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። አሁንም ቢላዋ የሚመርጡ ሰዎች ይደውሉልኛል። የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ለመጻፍ ይቀላል ይሉኛል። ቋንቋውም መሣሪያውም ተለዋውጧል፣ የብዙዎቹን ስም እንኳ አላውቀውም። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። «ሲጠራጠር ምን ያደርጋል? ይነግርሻል ወይስ ይውጣል?» አንዳንዱ ይህን አይቶት አያውቅምና ሄዶ ይሞክረዋል፤ ያገኘውን ሲነግረኝ ከእሱ በላይ እኔ ነኝ የምደሰተው።

አቶ በላይ ከጉባኤው በኋላ በገበያ ቀን ብቅ ማለት ለመዱ፤ ኮሌጁ ድረስም መጥተው አግኝተውኛል። በሩ ላይ ቆመው «አለሁ?» ይላሉ። እኔም የያዝኩትን የፕሮግራሙን ውጤት ቅጂ ከፍቼ አያለሁ፤ «አሉ፣ አያ በላይ» እላለሁ። እሺ ብለው ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት መጥተው «አለሁ?» አሉ። አየሁ፤ «አሉ» አልኳቸው። አልሄዱም።

«ከነገ ወዲያስ ማን 'አሉ' ይለኛል?»

«ማሽኑ ይላል።»

«ማሽኑማ አንድ ጊዜ በልቶኛል» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ፣ ቁጥሬን እንድጽፍላቸው።

ባለፈው የገበያ ቀን ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለም።

«አለሁ?»

ፊቴ ኮምፒውተር አልነበረም። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

«አሉ፣ አያ በላይ።»

«እሰይ። አንቺም አለሽ» አሉና ዘጉት።